እማዬ ማታ ማታ ሌላ ሰው ትሆናለች፤ «እርጅና ነው» ይሉኛል፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የበኩር_ልጅ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እማዬ ገና አሁን ዓይኗን ከደነች፣ እኔ ደግሞ እንቅልፌ ጭራሽ ጠፋ። ስለዚህ ልጻፍ። ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ስኳርና ግፊት ከጀመሯት ሃያ ዓመት አልፏል። ልቧም ደክሟል ተብላ መድኃኒት ትወስዳለች። ከስምንት ወር በፊት ደግሞ ስትሮክ መታትና ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ እንደ ድሮው አይታዘዙላትም። በዚህ ሁሉ መሃል ግን አእምሮዋ ደህና ነበር። ትረሳለች፣ አዎ፣ ግን ትቀልዳለች፣ የሰፈሩን ወሬ ከኔ ቀድማ ነው የምትሰማው። ከሦስት ሳምንት በፊት የሳንባ ምች ይዟት ተኝታ ወጣች። ሲያስወጡን አንድ ወረቀትና አንድ ፌስታል መድኃኒት አስታቀፉኝና «በሰዓቱ ስጪያት» አሉኝ። በቃ ይኸው ነው። ቤት ገብቼ ከድሮው ጋር ስቆጥረው 11 ዓይነት ክኒን ሆነ።

አሁን ወደ ችግሩ። ላለፉት አምስት ቀናት ማታ ማታ ሌላ ሰው ትሆናለች። ከሞተች ዓመታት ካለፏት እህቷ ጋር ታወራለች፣ አንሶላውን ትመነጭቃለች፣ ካልወረድኩ ብላ ትታገለኛለች። ቀን ደግሞ ትፈዛለች፣ ስጠራት በስንት ጊዜዋ ነው የምትመልስልኝ። ሁሉም «እርጅና ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ» ይለኛል። አንዷ ዘመዳችን «ይቺ እንቅልፍ ታስይዛታለች» ብላ የአለርጂ ክኒን አመጣችልኝ፣ ማታ ማታ አንድ አንድ እየሰጠኋት ነው። ምንም ለውጥ የለም።

ሌላው፣ ከመቀመጫዋ ከፍ ብሎ አጥንቱ ላይ የሳንቲም ያህል የጠቆረ ነገር አየሁ። ውሃ ስትጠጣም ትን ይላታል።

እኔስ? ወገቤ ተቆርጧል። ትናንት ጮህኩባት። አለቀሰች፣ ከዚያ አብረን አለቀስን። ሥራዬን ግማሽ ቀን አድርጌዋለሁ። ወንድሜ ሩቅ ነው ያለው፣ ብር ይልካል፣ «ሰው ቅጠሪ» ይላል። እህቴ «እናታችንን ባዕድ አይነካትም» ትላለች፣ ራሷ ግን በሳምንት አንዴ መጥታ ሁለት ሰዓት ተቀምጣ ነው የምትሄደው። እውነት ይህን ሁሉ በሽታ ያለበትን ሰው ቤት ውስጥ ማስታመም ይቻላል? ሌሊቱንስ እንዴት ነው የምታልፉት? እጇን በጨርቅ ልሰር እስከማለት ደርሻለሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሌሊት_ተረኛ፦

እህቴ አይዞሽ። ነርስ ነኝ፣ ብዙ ዓመት የሠራሁት አረጋውያን በሚተኙበት ክፍል ነው። እጃቸውን አትሰሪ። የታሰረ ሰው ይበልጥ ይታገላል፣ ይቆስላል፣ ፍርሃቱም ይብሳል። መውደቅ ከሆነ የምትፈሪው አልጋውን ዝቅ አድርጊው፣ ካልሆነም ፍራሹን መሬት ላይ አውርጂው። የአልጋ አጥር ራሱ ሁልጊዜ መፍትሔ አይደለም፣ ግራ የተጋባ ሰው በላዩ ሊሻገር ሲል ከከፍታ ይወድቃል።

አሁን ዋናው ነገር። ከአምስት ቀን ወዲህ ነው አይደል ያልሽው? እርጅና በአምስት ቀን አይመጣም። የመርሳት በሽታም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ በወራትና በዓመታት እየገፋ ነው የሚመጣው። በሰዓታት ወይ በቀናት ውስጥ ድንገት የጀመረ፣ ማታ የሚብስ፣ አንዴ ነቃ አንዴ ፍዝዝ የሚያደርግ ግራ መጋባት ዴሊሪየም ይባላል። ከጀርባው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚታከም ነገር አለ። የሽንት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ የሳንባ ምች ተመልሶ ሊሆን ይችላል፣ የሰውነት ውሃ ማነስ፣ ሕመም፣ አዲስ መድኃኒት። ሰው የማይገምተውን ልንገርሽ፣ የሆድ ድርቀትና ፊኛ ውስጥ የታሰረ ሽንት ብቻውን አዛውንትን ሲያስቃዥ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ስለዚህ ዛሬ ሲነጋ ሐኪም ይያቸው። የቀጠሮ ቀን አትጠብቂ። ስትገቢ «አርጅታለች» እንዳትዪ። «ከዚህ ቀን በፊት እንዲህ አልነበረችም» በይ፣ ቀኑን ጥሪ። ሐኪሙ «በዚህ ዕድሜ ይጠበቃል» ሊልሽ ይችላል፣ እንደዚያ ከተባልሽ ያንኑ ድገሚለት። ፊታቸው በአንድ በኩል ከወረደ፣ ንግግራቸው ከተኮላተፈ፣ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ስትቀሰቅሻቸው አልነቃ ካሉ ግን መንጋቱንም አትጠብቂ።

ይህን እንዳነበብሽ ደግሞ ስኳራቸውን ለኪ። በእውነት አሁኑኑ። ከ70 በታች ከሆነ፣ ነቅተው መዋጥ ከቻሉ ብቻ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በትንሽ ውሃ በጥብጠሽ ቀስ እያልሽ ስጪያቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመሽ ለኪ። ከፈዘዙ ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ግን አፋቸው ውስጥ ምንም ነገር አትጨምሪ፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ውሰጂያቸው። ሌሊት የወረደ ስኳር ላብ፣ መቃዠትና መታገል ያመጣል። ሰው ግን «ባህሪዋ ተለወጠ» ይላል።

ስለ ጠቆረው ነገር፦ የአልጋ ቁስል እየጀመረ ሊሆን ይችላል። መጽሐፉ «ቀይ ይሆናል» ይላል፣ የኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ አይታይም። በጣትሽ ዳስሺው። ከአካባቢው ይሞቃል ወይም ይደድራል ወይ? ሲነካ ያማቸዋል? እንዲህ ከሆነ ቆዳው ሳይላጥ ደርሰሽበታል ማለት ነው። አታሺው፣ ማሸት ከስር ያለውን ይበልጥ ይጎዳዋል። ቀለበት የመሰለውን መቀመጫም አትግዢ፣ ዙሪያውን ደም ያሳጣል። መፍትሔው አሰልቺ ነው፣ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ። ሙሉ በሙሉ በጎን ሳይሆን ጀርባቸው ላይ ትራስ ደግፈሽ ሩብ ያህል ብቻ አዘንብያቸው። በማንሸራተት አትጎትቻቸው፣ ቆዳ የሚላጠው እዚያ ላይ ነው።

ስድስት_ዓመት፦

አባዬን ስድስት ዓመት አስታምሜዋለሁ። ስትሮክ፣ ልብ፣ ኩላሊት፣ መጨረሻ ላይ የሽንት ቱቦም። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄሽን ልመልስ። ይቻላል። ለብቻ ግን አይቻልም። እኔ ሁለቱን ዓመት ለብቻዬ ሞክሬው ውጤቱን ልንገርሽ፦ አንድ ቀን ከወንበር ላነሳው ብዬ በደከመው እጁ ጎተትኩት፣ ትከሻው ከቦታው ወጣ። ያን ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ። በስትሮክ የደከመ ትከሻ ጡንቻው አይዘውም፣ በብብት ስር ገብቶ ማንሳትም ያው ነው። ማንም አልነገረኝም ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መጥቶ በአንድ ሰዓት ያሳየኝ ነገር ወገቤንም አባዬንም አዳነ። አንድ አንሶላ አራት ላይ አጥፈሽ ከጀርባዋ ስር አንጥፊው፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ በእሱ ነው ወደ ላይ የሚያወጣት። ስትነሳ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ እግሯን አውርዳ ሁለት ሦስት ደቂቃ ትቀመጥ። ግፊት ድንገት ሲቆሙ ይወርዳል፣ ብዙ ውድቀት እዚያች ደቂቃ ላይ ነው የሚሆነው። አንቺም ጉልበትሽን እጠፊ፣ ከወገብሽ አትጎንበሺ።

ሁለተኛው ነገር ደብተር ነው። ስልክ አይደለም፣ ደብተር፣ አልጋው አጠገብ የሚቀመጥ። በግራ ገጽ መድኃኒትና ሰዓቱ፣ በቀኝ ገጽ ስኳር፣ ግፊት፣ ስንት ጠጣች፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ እንቅልፍ። ሲሰለችሽ አንድ ቃል ብቻም ቢሆን ጻፊ። ልቧ የደከመ ሰው ክብደቷ በየጠዋቱ ሽንት ከወጣች በኋላ ይመዘን። መቆም ከቻለች ነው እንግዲህ፣ ካልቻለች የእግሯን እብጠት እዪ። በሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመረች ውፍረት አይደለም፣ ውሃ ነው፣ ለሐኪሟ ይነገር። እኔ ሐኪም ጋ ደብተሩን ይዤ ከገባሁ ወዲህ የምደመጠው አደማመጥ ራሱ ተለወጠ።

ሦስተኛ፣ ወንድምሽ «ሰው ቅጠሪ» ማለቱ ክፋት አይደለም። የተቀጠረው ሰው ከአንድ ወር በኋላ ባዕድ አይሆንም። ብቻ የመጀመሪያውን ሳምንት አብረሽው ሁኚ። እንዴት እንደሚያገላብጥ፣ እንዴት እንደሚያበላት ራስሽ አሳዪው። እናትሽን በስሟ ይጠራታል ወይስ «እቺ ሴትዮ» ይላታል? እኔ ሰው የማየው በዚህ ነው።

ክኒን_ቆጣሪ፦

ፋርማሲስት ነኝ። 11 ዓይነት ሲባል ዓይኔ በራ (ጥሩ በራ አይደለም)። ሆስፒታል ገብቶ የወጣ ሰው ላይ በየቀኑ የማየው ስህተት ይኸው ነው፣ የድሮው ሳይቆም አዲሱ ይጨመራል። አንዳንዴ አንድ መድኃኒት በሁለት የንግድ ስም ሁለት ጊዜ ይሰጣል። ነገ ያንን ፌስታል ከነካርቶኑ፣ ከነቅባቱ፣ ከነባህል መድኃኒቱ ይዘሽ ሂጂ። ለያንዳንዱ «ይህ ለምንድን ነው? እስከ መቼ ነው? አሁንም ያስፈልጋታል?» ብለሽ ጠይቂ። መልስ ያልተገኘለት ክኒን ካለ እሱ ላይ ቁሚ። ራስሽ ግን አታቁሚ፣ በድንገት ሲቆሙ የሚጎዱ አሉ።

አንድ ለዛሬ የምነግርሽ፣ ያቺን የአለርጂ ክኒን አትስጪያት። እ.ኤ.አ. በ1991 ማርክ ቢርስ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ለአረጋውያን የማይመከሩ መድኃኒቶችን ዝርዝር አወጣ፣ እስካሁን እየታደሰ ሲሠራበት አለ። እንቅልፍ የሚያስይዙት የድሮዎቹ የአለርጂ ክኒኖች እዚያ ውስጥ ናቸው። አፍ ያደርቃሉ፣ ሽንት ይይዛሉ፣ ሆድ ያደርቃሉ፣ በዕድሜ የገፋን አእምሮ ደግሞ ያቃዣሉ። ዳያዜፓምና የመሳሰሉት የማረጋጊያና የእንቅልፍ ክኒኖችም እዚያው ናቸው። እንቅልፍ ያመጣል ብለሽ የሰጠሻት ክኒን ሌሊቱን እያባሰው ሊሆን ይችላል። ጥፋትሽ አይደለም፣ ያለ ማዘዣ እንደ ከረሜላ ነው የሚሸጠው።

ከስኳር መድኃኒቶቿ መሃል ግሊቤንክላማይድ ካለ ለሐኪሟ አንሺ። በአረጋውያን ላይ፣ በተለይ ኩላሊት ሲደክምና ምግብ ሲቀንስ፣ ስኳርን አውርዶ ረጅም ሰዓት ያቆየዋል። በእሷ ዕድሜና ከዚህ ሁሉ በሽታ ጋር ስኳሯ እንደ ወጣት ጥብቅ እንዲሆን አይፈለግም። የወረደው ነው ቶሎ የሚጎዳት። ለወገብ፣ ለጉልበት ብላችሁ ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን አትስጧት፣ ውሃ ይይዛል፣ ልብንም ኩላሊትንም ይጎዳል። ክኒን አልዋጥ ካላት ደግሞ ሁሉንም አትፍጪ። ቀስ ብለው እንዲለቁ የተሠሩ አሉ፣ ሲፈጩ የቀኑ መጠን በአንዴ ይለቀቃል። የትኛው እንደሚፈጭ ፋርማሲ ጠይቂ፣ መልሱ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

እናት_ወርቅ፦

ይቅርታ ግን እናትን ማስታመም እኮ በረከት ነው። እነሱ እኛን ሲያሳድጉን ደከመኝ ብለዋል? በአደባባይ እንዲህ መጻፍ ራሱ ደስ አይልም።

ስድስት_ዓመት፦

@እናት_ወርቅ በረከት ነው። ወገብም ይቆርጣል። ሁለቱም በአንድ ቀን ይሆናሉ። እናቶቻችን ሲያሳድጉን አክስት ነበረች፣ ጎረቤት ነበረች፣ ታላቅ እህት ነበረች። እኔ ዝም ብዬ የቻልኩት ሁለት ዓመት ነው አባዬን ትከሻውን ያስወለቀው። ይልቅ በሳምንት አንድ ሌሊት የምትቀመጥላት ሰው ብትሆኚ ከዚህ አስተያየት ይበልጥ ይጠቅማታል።

ሩቅ_ያለሁ፦

እኔ ወንድምሽ ነኝ። ማለቴ እንደ እሱ ሩቅ ሆኜ ብር የምልክ ልጅ ነኝ፣ እህቴ ናት እናታችንን የምታስታምማት። ከኛ ወገን አንድ ነገር ልበል። ብር የምንልከው ብዙ ጊዜ ሌላ ምን ማድረግ እንደምንችል ስለማናውቅ ነው። እህቴ አንድ ቀን ደውላ «ብሩን ተወው፣ ይልቅ ቀጠሮዎቹን ሁሉ አንተ ያዝ» አለችኝ። አሁን ሐኪም ጋ የምደውለው እኔ ነኝ፣ የመድኃኒት ዝርዝሩ እኔ ጋ ነው፣ ሲያልቅ የማስገዛው እኔ ነኝ። በሳምንት ሁለት ሌሊት ደግሞ ስልኩ እናታችን ራስጌ በቪዲዮ ክፍት ይሆናል፣ እኔ እያየኋት እህቴ ሌላ ክፍል ትተኛለች። እናታችን ስትባንን መጀመሪያ የምትሰማው የኔን ድምፅ ነው። በዓመት አንዴ ፈቃዴን ለሽርሽር ሳይሆን ለእሷ እረፍት አወጣዋለሁ። «እርዳኝ» አትበዪው፣ ሥራውን ቆርጠሽ ስጪው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ» የሚባለውን እህቴ ናት ያስታወሰችኝ፣ እኔ ሎሚ ላኪ ነበርኩ።

ሌሊት_ተረኛ፦

ስለ ትንታው ረስቼው ነበር፣ ይቅርታ። ስትሮክ የመታው ሰው ውሃ ትን ካለው የሳንባ ምቹ የመጣውም ከዚያ ሊሆን ይችላል፣ የሚጠጣው ወደ ሳንባ እየገባ። አወራረዳቸው በባለሙያ ይታይ። ምግቡን ማወፈር ወይም ማለስለስ እንደሚያስፈልግ እሱ ይወስናል፣ በግምት አታድርጊው። እስከዚያው ግን ተኝተው ምንም አይቅመሱ። ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ አገጫቸውን ትንሽ ዝቅ አድርገው፣ በትንሽ በትንሹ፣ በደህናው ጎን በኩል። ሲጨርሱ በደከመው ጉንጫቸው ውስጥ የተጠራቀመ ካለ አውጪ፣ ለግማሽ ሰዓት አታስተኚያቸው። አፋቸውን ጠዋትና ማታ አጽጂ፣ ጥርስ ባይኖራቸውም። ያልጸዳ አፍ ጀርም ነው ወደ ሳንባ የሚወርደው።

ለሌሊቱ ደግሞ መነጽራቸውንና የጆሮ መሣሪያቸውን (ካላቸው) አቅርቢላቸው። ደብዛዛ መብራት ይኑር፣ ሰዓት የሚታይበት ቦታ ይሰቀል። ከእህታቸው ጋር ሲያወሩ «ሞታለች እኮ» ብለሽ አትከራከሪ። «እኔ ነኝ፣ ልጅሽ፣ ቤት ነን» በይ፣ እጃቸውን ያዢ። ቀን መጋረጃው ይከፈት፣ ብዙ አይተኙ።

ስለ መጮህሽም። ጮኸሽ ማልቀስሽ እናትሽን እንደማትወጂ አያሳይም፣ አምስት ሌሊት አለመተኛትሽን ነው የሚያሳየው። ንዴቱ ሲመጣ አልጋው ደህና መሆኑን አይተሽ ከክፍሉ ውጪ፣ አምስት ደቂቃ ቁሚ። እኛም ተረኛ ሆነን እንደዚያው እናደርጋለን።

የበኩር_ልጅ፦

ሰላም ወገኖቼ፣ ስምንት ቀን ሆነኝ፣ ምላሽ ሳልሰጥ የቆየሁት ሆስፒታል ስለነበርን ነው።

ያን ሌሊት ስኳሯን ለካሁት፣ 64። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ስኳር የበጠበጥኩላት፣ ደግነቱ ነቅታ ነበር። ጠዋት ወሰድኳት። እንዳላችሁኝ መጀመሪያ «በዚህ ዕድሜ እንግዲህ...» ብሎ የጀመረ ወጣት ሐኪም ነበር፣ እኔ ደግሞ «እስከ ባለፈው ሳምንት እኮ ትቀልድብኝ ነበር» አልኩት፣ ቀና ብሎ አየኝ። የሽንት ኢንፌክሽን ተገኘ፣ ሰገራም ለአንድ ሳምንት ያህል አልወጣችም ነበር (ደብተር ሳልይዝ እኔ ይህን እንዴት አውቃለሁ? አላውቅም ነበር፣ ያፈርኩት በዚህ ነው)። የስኳር ክኒኗ ተለወጠ፣ ሁለት የግፊት መድኃኒቶች አንድ ዓይነት ሆነው ተገኙ፣ አንዱ ቆመ። ከ11 ወደ 8 ወርደናል። የአለርጂዋን ክኒን ሰጪዋ ዘመዳችን ፊት ነው የጣልኩት፣ አኮረፈች፣ ይለፋት።

በሦስተኛው ቀን ከእህቷ ጋር ማውራት አቆመች። ሙሉ በሙሉ ወደ ድሮዋ አልተመለሰችም፣ ማታ ማታ አሁንም ትባንናለች፣ ሐኪሙም ሳምንታት ሊፈጅ እንደሚችል ነግሮኛል። ግን ትናንት «ፀጉርሽን ማን ነው እንዲህ ያበላሸው» አለችኝ። ሳቅኩ፣ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ወንድሜ ቀጠሮዎቹንና የመድኃኒት ዝርዝሩን ወስዷል። ደብተሩን በየማታው ፎቶ አንስቼ እልክለታለሁ፣ እሱ ደግሞ እንደ ኦዲተር «ዛሬ ውሃ ለምን አነሰ?» ይለኛል፣ ያናድዳል ግን ደስ ይላል። ለቀን የምትረዳኝ አንዲት ሴት ቀጥረናል። እህቴ አንድ ቀን ሙሉ ኩርፊያ ነበረች፣ በሁለተኛው ቀን ልጅቷ እማዬን ስታጥባት አይታ «እኔም አሳዩኝ» አለች። አርብ ሌሊት አሁን የእሷ ተራ ነው።

መቀመጫዋ ላይ ያለው እየለሰለሰ ነው። ግን አንድ ነገር፣ ዛሬ ተረከዟን ሳይ ያው የሞቀ ነገር አለው። ትራሱን ከተረከዟ ስር ነው የማደርገው ወይስ ሌላ ቦታ?

ሌሊት_ተረኛ፦

ከተረከዝ ስር አይደለም! ተረከዙ እኮ ነው ማረፍ የሌለበት። ትራሱን በርዝመቱ ከባታቸው ስር አድርጊው፣ ጉልበታቸው ትንሽ ይታጠፍ፣ ተረከዙ ፍራሹን ሳይነካ ይንጠልጠል። መዳፍሽ በስሩ ማለፍ አለበት። የደከመውን እግር ደግሞ በየቀኑ እዪው፣ ሲያማቸው ላይነግሩሽ ይችላሉ።